ናይትሮጅን በመኪና ጎማ

ጎማን በናይትሮጅን መሙላት ማለት በተለመደው የኮምፕረሰር አየር ፈንታ ደረቅና ከ90 በመቶ በላይ ንጹሕ የሆነ ናይትሮጅን ጎማ ውስጥ ማስገባት ነው። ተራው አየር ራሱ 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ስለዚህ የሁለቱ ልዩነት የሚመጣው ከኦክስጅኑና ከእርጥበቱ ነው።

ጥቅሙ

ኦክስጅን በጎማው ግድግዳ ውስጥ ከናይትሮጅን ይልቅ ፈጥኖ ሾልኮ ይወጣል። በጊዜ ብዛትም ላስቲኩን ያስረጃል፤ እርጥበቱ ደግሞ የብረት ቸርኬን ያዝጋል። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት 31 ዓይነት ጎማዎችን በ30 ፒኤስአይ ሞልቶ ለአንድ ዓመት ሲፈትሽ፣ በአየር የተሞሉት በአማካይ 3.5፣ በናይትሮጅን የተሞሉት 2.2 ፒኤስአይ ቀንሰዋል። ናይትሮጅን መቀነሱን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም።

በአውሮፕላን

እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1986 አንድ የሜክሲካና ቦይንግ 727 በበረራ ላይ ሳለ፣ በአየር የተሞላ ጎማው ከፍሬን በመጣ ከፍተኛ ሙቀት ፈንድቶ 167 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ደንብ የትልልቅ አውሮፕላኖች ፍሬን ያላቸው ጎማዎች ውስጥ የሚኖረው ኦክስጅን ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። የቤት መኪና ጎማ ግን እንዲህ ያለ ሙቀት እምብዛም አይደርስበትም።

ሙቀትና ከፍታ

«ናይትሮጅን በሙቀት ግፊቱ አይጨምርም» የሚባለው ትክክል አይደለም። በማንኛውም ደረቅ ጋዝ የተሞላ የቤት መኪና ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ግፊቱ ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ከፍ ይላል። ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ በኩል ቁልቁል ወርዶ ስድስት ኪሎ የደረሰ መኪና ጎማው ስለሚሞቅ፣ ወዲያው ቢለካ ከእውነተኛው በላይ ያሳያል።

ከፍታም እንዲሁ ነው። መለኪያው የሚያሳየው የጎማው ውስጥ ግፊት ከውጭው አየር ግፊት የሚበልጥበትን መጠን ነው። ስድስት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስለሚገኝ የውጭው ግፊት አነስተኛ ነው። እዚያ የተሞላ ጎማ ጅቡቲ ሲደርስ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ መለኪያው ከ3 እስከ 4 ፒኤስአይ ቀንሶ ያሳይ ነበር፤ የቆላው ሙቀት ግን የተወሰነውን ይመልሰዋል። ይህም በአየርም በናይትሮጅንም ያው ነው።

አጠቃቀም

ናይትሮጅን የተሞላ ጎማ ሲጎድል ተራ አየር ቢጨመርበት ጉዳት የለውም፤ ንጽሕናው ብቻ ይቀንሳል። የጎደለ ጎማ ግን በየትኛውም ጋዝ ቢሞላ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ስለዚህ ጎማው ሳይሞቅ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ መለካትና በመኪናው አምራች በተወሰነው ልክ መሙላት ከጋዙ ዓይነት የበለጠ ዋጋ አለው።