የኮምቦልቻ ገበሬ ካሳውን ይቀበላል፤ ድርሻውስ?

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ተጨናንቃ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሰፊ ቦታ የሚሻ ባለሀብት ዓይኑን የሚጥለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ነው። በ75 ሄክታር ላይ የተገነባው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውም እዚሁ ነው።

ከተማ ወደ ማሳ ሲሰፋ አንዱ መሬት በሁለት ሚዛን ይመዘናል። ከገበሬው እጅ ሲወጣ በጤፉና በማሽላው፣ ለሊዝ ጨረታ ሲቀርብ ደግሞ ለአስፋልት ባለው ቅርበት። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥምና የሁለቱ ሚዛን ልዩነት ለገበሬው አይደርሰውም። በነባሩ ባለማሳና በአዲሱ ባለሕንፃ መካከል ያለው የሀብት ርቀት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እርግጥ ካሳው ተሻሽሏል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለዘለቄታው ለሚነሳ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን አሥር እጥፍ ይሰጥ ነበር። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ከሦስት ዓመት ውስጥ ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ 15 እጥፍ አድርጎታል። በደህናው ዓመት 60 ሺህ ብር ያገኘ ገበሬ 900 ሺህ ብር ይቀበላል ማለት ነው። ነጋዴ እንደሚያውቀው ግን ቁጭ ያለ ብር የገበያውን ዋጋ ሮጦ አይቀድምም። የፋብሪካ ደመወዝም ቢሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ፋብሪካዎቹ ቆመዋል።

መፍትሔው ከዚያው አዋጅ ውስጥ አለ። ተነሺዎች ከሚመጣው ኢንቬስትመንት አክሲዮን የሚይዙበትን፣ መልሶ በሚለማ አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎችም በግል ወይም በቡድን በቅድሚያ የሚያለሙበትን በር ከፍቷል። በሩን ሥራ ላይ ማዋል የሁለቱ ከተሞች አስተዳደር ፋንታ ነው፦ ቦታው ለባለሀብት ከመተላለፉ በፊት ተነሺዎችን በማኅበር ማደራጀት፣ ከዋናው መንገድ ዳር የንግድ ቦታ መመደብ፣ ድርሻቸውንም በውል ማስፈር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ የካሳውን ወጪ ይበልጥ ወደ ክልሎች ስላዞረ፣ በአክሲዮን መክፈል ለካዝናውም እፎይታ ነው።

የአሜሪካዋ ኤቫንስተን ከተማ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በቤት ጉዳይ አድልዎ ለደረሰባቸው ጥቁሮች እስከ 25 ሺህ ዶላር ሲፈቅድ፣ ገንዘቡ ለቤት መግዣ፣ ለጥገና ወይም ለቤት ዕዳ መክፈያ እንዲውል ወስኗል። የሀብት ክፍተት በይዞታ እንጂ በምፅዋት አይሞላም ማለቱ ነው።

ለኢንቬስተሩስ? ጎረቤቱ ባለ አክሲዮን ከሆነ አጥሩን የሚጠብቅለት ያው ጎረቤቱ ነው። ካሳውን ጨርሶ ከአጥሩ ሥር የቆመ ገበሬ ግን የክስ መዝገብ ይዞ ይመጣል። ቦታ የሚያገናኙ ደላሎችም ሆኑ ገዢዎች ከካሬው ዋጋ በፊት ይህን ቢጠይቁ ያተርፋሉ።