የ26 ዶላር ደሞዝ ቲሸርቱን ለምን አላረከሰውም?

«የኛ አገር ጉልበት ርካሽ ስለሆነ ኢንቨስተር ይጎርፋል።» ይህን ስንቴ ሰምታችኋል? ዜና ላይ፣ የፓርክ ምረቃ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ይባላል። ርካሽ መሆኑስ እውነት ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጥናት እንደሚለው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚያው ጥናት ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207፣ ቻይና 326 ዶላር ነው።

በዚህ ሒሳብ የዓለም ልብስ አምራች ሁሉ ሐዋሳ መከተም ነበረበት። አልከተመም። ብዙዎቹ ቬትናም ገቡ፤ የገቡትም እዚያው ቆዩ። ቬትናም እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ውጭ የላከችው ዕቃ ከ400 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ደሞዟ ግን ከኛ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እስቲ የቬትናሙን ፋብሪካ ወጪ ከፍተን እንየው፣ ከዚያ ወደ ሐዋሳ እንመለስ።

ቬትናም ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል አላት፤ አገሪቱን በአራት ቀጠና ከፍላ ነው የምትወስነው። ከሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሆ ቺ ሚን ከተማንና ሃኖይን በያዘው ውድ ቀጠና 4.96 ሚሊዮን ዶንግ፣ በርካሹ ቀጠና 3.45 ሚሊዮን ዶንግ ሆኖ ነበር። የሚሊዮኑ ነገር እንዳያስደነግጣችሁ፤ አንድ ዶላር ያኔ ወደ 25 ሺህ ዶንግ ነበር። ስለዚህ ውዱ ቀጠና 200 ዶላር ገደማ ማለት ነበር።

ግን ደሞዝና የሠራተኛ ወጪ አንድ አይደሉም። ለምሳሌ አንዷ ሰፊ በወር 7 ሚሊዮን ዶንግ ትከፈላለች እንበል። አሠሪው ለማኅበራዊ ዋስትና፣ ለጤና መድንና ለሥራ አጥነት መድን 21.5 በመቶ፣ ለሠራተኛ ማኅበር ደግሞ 2 በመቶ ከኪሱ ይጨምራል። በዚህ 8.6 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚያ ቴት የሚባለው የጨረቃ አዲስ ዓመታቸው ይመጣል። በዚያ ሰሞን «13ኛ ደሞዝ» መስጠት በሕግ ግዴታ ባይሆንም የተለመደ ነው። የማይሰጥ ፋብሪካ ሠራተኛው ለበዓል አገሩ ገብቶ በዚያው ይቀርበታል። ቦነሱን ለ12 ወር ስናካፍለው ጠቅላላው 9.2 ሚሊዮን ዶንግ፣ ማለትም ወደ 370 ዶላር ይሆናል። ኦቨርታይም ገና አልተነካም፤ እሱ በሥራ ቀን 150፣ በዕረፍት ቀን 200፣ በበዓል 300 በመቶ ነው።

አሁን ወደ ቲሸርቱ። በወር 26 የሥራ ቀን ብንይዝ ሰፊዋ በቀን 14 ዶላር ገደማ ታስወጣለች። በነፍስ ወከፍ በቀን 20 ቲሸርት ይወጣል ብንል የአንዱ የጉልበት ወጪ 71 ሳንቲም ነው። የሐዋሳዋ ደግሞ 26 ዶላር ላይ የአሠሪው የጡረታ 11 በመቶ ተጨምሮ 29 ዶላር፣ በቀን 1 ዶላር ከ11 ሳንቲም። ገና ልምድ እያገኘች ስለሆነ 5 ብቻ ታወጣለች እንበል፤ 22 ሳንቲም ይመጣል። (20 እና 5 የኔ ግምት ናቸው፣ ዓመቶቹም አይገጥሙም፤ ለስሌት ያህል ግን ይበቁናል።)

አያችሁ? በአራት እጥፍ ብትዘገይም ሐዋሳ አሁንም ርካሽ ናት። በአንድ ቲሸርት ወደ 50 ሳንቲም ትቆጥባለች። ጥያቄው እንግዲህ ያ 50 ሳንቲም የት ገባ ነው።

አንዱ የሚገባበት ጨርቅ ነው። በቲሸርት ወጪ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ስፌቱ ሳይሆን ጨርቁ ነው። የቬትናም ፋብሪካ ከጎረቤት ቻይና ጨርቅ ሲያዝ በመኪና ጭምር በጥቂት ቀን ይገባለታል፤ ወደቡም እዚያው አገሩ ውስጥ ነው። የሐዋሳው ከእስያ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር በየብስ፤ ተሰፍቶ ሲያልቅ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። የጭነቱ ዋጋ ለማንም ይታያል። የማይታየው የተያዘው ገንዘብ ነው። 100,000 ዶላር ጨርቅ ላይ አውላችሁ፣ በዓመት 15 በመቶ ወለድ ተበድራችሁ ከሆነ፣ ጨርቁ 10 ቀን ሲቆይ ወለዱ 411 ዶላር ነው። 60 ቀን ሲቆይ ከ2,400 ያልፋል። ጨርቁ መንገድ ላይ እያለ ማንም ምንም አልሰፋም፣ ወለዱ ግን ይቆጥራል። ኮንቴነሩ ጭራሽ ከዘገየ ደግሞ ገዢው ወይ ቅናሽ ይጠይቃል ወይ በአውሮፕላን ላኩልኝ ይላል። ያኔ 50 ሳንቲም ምን አላት?

መብራትም አለ። ይህ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ግንቦትና ሰኔ ሰሜን ቬትናም ውስጥ መብራት በመጥፋቱ አገሪቱ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንዳጣች የዓለም ባንክ ገምቷል። በኪሎዋት ሰዓት የምትከፍሉት ታሪፍ ሲጠፋ የምታጡትን አይነግራችሁም።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያው 26 ዶላር ራሱ ወጪ ይፈጥራል። ወደ ሐዋሳ የመጡት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በዚያ ደሞዝ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ለቤተሰብ ልኮ መኖር አይቻልም። ስለዚህ ይለቃሉ። የስተርን ጥናት እንደሚለው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ ይቀይሩ ነበር። አንዲት ልጅ ማሽኑን ለምዳ እጇ እስኪፈጥን ወራት ይወስዳል፤ ስትፈጥን ትሄዳለች፣ በቦታዋ አዲስ ይገባል፣ ሥልጠናው እንደገና ከሀ ይጀመራል። እንግዲህ የቀኑ 5 ቲሸርት ለምን 10 እንዳልሆነ አስቡት። ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ እስኪፈጥኑ የሚያቆያቸው ደሞዝ ስላልነበረ ነው። የቬትናሙ 13ኛ ደሞዝ ቸርነት ሳይሆን ይህን ኪሳራ መሸሻ ነው።

ይህ ሁሉ እያለ ሐዋሳ ለምን ገቡ ትሉ ይሆናል። አጎዋ ነበራ! ከውጭ የሚገባ የጥጥ ቲሸርት አሜሪካ ሲደርስ መደበኛ ቀረጡ 16.5 በመቶ ነው። 3 ዶላር በሚያወጣ ቲሸርት ላይ 50 ሳንቲም መሆኑ ነው። ቬትናም ይከፍላል፣ ኢትዮጵያ አትከፍልም ነበር። ማለትም አንድ የንግድ ፈቃድ ብቻውን በርካሽ ጉልበት የቆጠብነውን ያህል ያክል ነበር። ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትወጣ ሲታወቅ፣ ትልቁ ስም የነበረው ፒቪኤች ኅዳር 2021 (እ.ኤ.አ.) የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ዕገዳው የጸናው ከጥር 1 ቀን 2022 ነው። ደሞዙ በአንድ ሳንቲም አልጨመረም፤ ሒሳቡ ግን ተገለበጠ።

ቬትናምም ይህን ፍርሃት ቀምሳዋለች። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 ትራምፕ በዕቃዋ ላይ 46 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ አወጁ፤ ሐምሌ ላይ በድርድር ወደ 20 ወረደ። በ3 ዶላሩ ቲሸርት 60 ሳንቲም ማለት ነበር፤ አንዲቱን ሰፊ ቲሸርቱን እንድትሰፋ ከሚከፈልላት 71 ሳንቲም ብዙም አያንስም።

ሐዋሳ ፓርክ የሠራችሁ ካላችሁ በቀን ስንት ይጠበቅባችሁ እንደነበር ጻፉልን፤ የኔን 5 አስተካክሉት።