የጦርነት ሥዕልና የሰው ፊት

ነገሥታት ከጥንት ጀምሮ ድላቸው ለትውልድ እንዲተላለፍ ሠዓሊ ሲያዝዙ ስለኖሩ፣ የጦርነት ሥዕል ታሪክ በየትኛውም አገር ቢመረመር አብዛኛው የድል ሥዕል ሆኖ ይገኛል። የእኛም የዐድዋ ሥዕል ከዚህ ሥርዓት አልወጣም፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ሆኖ ከላይ ይገለጣል፣ ከታች ሁለቱ ሠራዊት ተፋጠው ይዋጋሉ፣ የአገሩም ወገን ሁለት ዐይኖቹ እየታዩ ፊት ለፊት ሲሣል ጠላቱ ግን፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ርጉማን እንደሚሣሉት ሁሉ፣ በጎን ፊቱ በአንድ ዐይኑ ይሣላል። ይህ የአሣሣል ሥርዓት ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ ጻድቁን ከኃጥኡ ለይቶ እንዲያውቅ የሚያደርግ ትልቅ ጥበብ ነው፤ የነጻነት ተጋድሎን ለማስታወስም ተገቢ ሆኖ ኖሯል። ጦርነትን የሚቃወም ሥዕል የሚወለደው ግን ይህ ሥርዓት ሲገለበጥ፣ ይኸውም ሠዓሊው የወደቀው ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ከመንገሩ በፊት ፊቱን አቅንቶ ሲያሳየን ነው። ከዚህ በታች የምዳስሰው ይህ መገልበጥ ባለፉት አራት መቶ ዓመታት በአውሮፓ፣ በእስያና በአሜሪካ እንዴት እንደተፈጸመ፣ ተመልካቹም እንዴት እንደተረጐመው ነው፤ የተለየ ካልተባለ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጸሐፍት ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት የሎሬን ተወላጅ ከሆነው ከዣክ ካሎ ነው። ካሎ በሠላሳው ዓመት ጦርነት መካከል፣ የፈረንሳይ ንጉሥ ሠራዊት የትውልድ ከተማውን ናንሲን በያዘበት በ1633፣ የጦርነትን ታላላቅ መከራዎች የሚያሳዩ 18 ትንንሽ ሥዕሎች በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ አሳተመ። ወታደሮች ቤት ሲመዘብሩ፣ ገዳም ሲያቃጥሉ፣ መንገደኛ ሲገድሉ ይታያል፤ ከሁሉ የታወቀው ሥዕል ብዙ ዘራፊ ወታደሮች በአንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ተሰቅለው የሚታዩበት ነው። ይሁን እንጂ መድበሉ የሚያልቀው አለቃው ለታማኝ ወታደሮቹ ሽልማት ሲሰጥ በማሳየት ስለሆነ፣ ካሎ የወቀሰው ሥርዓት የለቀቀውን ወታደር ነው ወይስ ጦርነትን ራሱን የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ሚዛን ይደፋል፤ የካሎ ሰዎች እጅግ ከሩቅ የታዩ ናቸውና የአንዱንም ፊት ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ፊቱን ያቀረበልን ፍራንሲስኮ ጎያ ነው። የናፖሊዮን ሠራዊት በ1808 እስፓኝን በወረረ ጊዜ ጎያ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ጆሮው ከደነቈረ ብዙ ዓመት የሆነው የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ነበር። የመድፉን ድምፅ ሳይሰማ ያየውን ብቻ ይዞ፣ ከ1810 እስከ 1820 ባለው ጊዜ ውስጥ የጦርነት መዓት ተብለው የሚታወቁትን 82 ሥዕሎች በመዳብ ላይ ቀረጸ። በእነዚህ ሥዕሎች የፈረንሳይ ወታደሮች እስረኛ ሲሰቅሉና ሴቶችን ሲያስገድዱ ይታያል፤ ነገር ግን የእስፓኝ ሕዝብም በተራው ተቈጥቶ አንድን ሰው መሬት ለመሬት እየጐተተ ሲያሰቃይ ይታያል። በመካከል ደግሞ በ1811 እና በ1812 ማድሪድን የመታው ረኃብ ይመጣል፤ በዚያ ክፍል የሚተኵስ ወታደር የለም፣ ያለው በየመንገዱ የወደቀ ሰውና ሬሳ የሚያነሣ ሰው ነው። ጎያ ከየሥዕሉ ሥር አጭር ቃል ጽፎአል፤ ከአንዱ ሥር የጻፈው ነገሩን በዐይኑ ማየቱን ነው፤ በዚህም ሠዓሊው ከአመስጋኝነት ወደ ምስክርነት ተሻገረ። ሥዕሎቹ ግን በሕይወቱ ሳለ አልወጡም፤ 80ዎቹ ለሕዝብ የታተሙት እርሱ ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1863 ነበር።

ይኸው ሠዓሊ በ1814 የሣለው፣ አሁን በማድሪድ በፕራዶ ቤተ መዘክር የሚገኘው የግንቦት ሦስት ቀን ሥዕል፣ ከላይ የተናገርሁት መገልበጥ በአንድ ሸራ ላይ ተጠቃሎ የሚታይበት ነው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ድኻ እጆቹን እንደ ስቅለት ዘርግቶ ተንበርክኳል፤ በመዳፉም የችንካር ምልክት የመሰለ ጠባሳ ይታያል። መሬት ላይ የተቀመጠው ፋኖስ ብርሃኑን የሚጥለው በእርሱ ላይ ነው። የሚተኵሱት ወታደሮች ግን ጀርባቸውን ሰጥተውን በአንድ መስመር ስለቆሙ የአንዳቸውም ፊት አይታይም። በገዛ እጃቸው ሰውነታቸውን የተዉ ይመስላሉ፤ እስከ ዛሬ ከተሣሉት የጦርነት ሥዕሎች መካከል ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የለም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን የፎቶግራፍ ዘመን በአጭሩ አልፈዋለሁ። እንግሊዛዊው ሮጀር ፌንተን በ1855 ከክራይሚያ ጦርነት ያመጣቸው ፎቶግራፎች አንድም ሬሳ አያሳዩም። በ1862 ግን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከአንቲተም ውጊያ በኋላ የተነሡ የወታደሮች ሬሳ ፎቶግራፎች በኒው ዮርክ ከተማ በማቲው ብሬዲ የፎቶግራፍ ቤት ለሕዝብ ሲታዩ፣ በጋዜጣ የስም ዝርዝር ብቻ ያነብ የነበረው የከተማ ሰው ደነገጠ። ከእነዚያ ፎቶግራፎች አንሺዎች አንዱ የሆነው አሌክሳንደር ጋርድነር በሚቀጥለው ዓመት በጌቲስበርግ የአንድን ወታደር ሬሳ ከወደቀበት አንሥቶ ለሥዕሉ በሚመች ስፍራ አስተኝቶ ማንሣቱ በኋላ ታውቋል፤ ስለዚህ ካሜራ አይዋሽም ማለት ከመጀመሪያው ጀምሮ ዋስትና ያልነበረው ነገር ነው። በሩስያም ቫሲሊ ቬሬሽቻጊን በ1871 በምድረ በዳ የተከመረ የራስ ቅል ክምር ሣለና ላለፉት፣ ላሉትና ለሚመጡት ድል አድራጊዎች ሁሉ መታሰቢያ እንዲሆን ሰጠው። እርሱም በ1904 በሩስያና በጃፓን ጦርነት በጦር መርከብ ላይ ሳለ ሞተ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በሥዕል ረገድ የወለደው ፍሬ ብዙ ነው። በዚያ ጦርነት መትረየስ ተኳሽ የነበረው ኦቶ ዲክስ በ1924 ጦርነት የሚል ርእስ የሰጣቸውን 50 የመዳብ ሥዕሎች አወጣ፤ በጭቃ የተዋጡ ሬሳዎች፣ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ያደረጉ ወታደሮችና የተቈረሰ ፊት የተመላባቸው ናቸው። በዚያው ዓመት ኤርንስት ፍሪድሪክ የተባለ የሰላም አርበኛ የፊታቸው ግማሽ በጥይት የተወሰደባቸውን ወታደሮች ፎቶግራፍ በመጽሐፍ አሳተመ፤ በአራት ቋንቋም ማብራሪያ ጻፈበት፣ ቀጥሎም በበርሊን የፀረ ጦርነት ቤተ መዘክር ከፈተ። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ቤተ መዘክሩን ዘጉት፤ ዲክስንም ከድሬስደን መምህርነቱ አባረሩት። የሥልጣን ባለቤቶች እነዚህን ሥዕሎች እንዲህ መፍራታቸው ስለ ሥዕሎቹ ኀይል ከሃያሲዎች ጽሑፍ ይልቅ አጥብቆ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ ስለ ጦርነት ዋጋ ለመናገር ከሁሉ የበለጠ መብት ያላት ኬተ ኮልቪትስ ናት ብዬ አምናለሁ። ታናሽ ልጅዋ ፔተር በ1914 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ለመዝመት በፈለገ ጊዜ፣ አካለ መጠን ያላደረሰ በመሆኑ የአባቱ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። አባት እምቢ ሲል እናት ስለ ልጅዋ ለመነች፤ ፈቃዱም ተገኘ። ልጁ በጥቅምት ወር ቤልጅግ ውስጥ ወደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ሴት የሠራችው ሁሉ የዚህ ንስሐ ነው ማለት ይቻላል። ከ1921 እስከ 1922 በእንጨት ቀርጻ ያዘጋጀቻቸው ሰባት ሥዕሎች ጦርነት ቢባሉም ጦር ሜዳ የለባቸውም፤ ያለው ሕፃንዋን እንደ መሥዋዕት ወደ ላይ የምታነሣ እናት፣ ተደጋግፈው የተንበረከኩ ወላጆች፣ ባልዋ የሞተባት እርጉዝ፣ ልጆቻቸውን በመካከላቸው ሸሽገው ተቃቅፈው የቆሙ እናቶች ነው። ራሔል ስለ ልጆችዋ ስታለቅስ መጽናናትን እንቢ ማለትዋን በሕፃናተ ቤተ ልሔም መታሰቢያ የሰማ፣ ሰቆቃወ ድንግል ሲዜምም ቆሞ ያለቀሰ የእኛ አገር ሰው፣ እነዚያን እናቶች ለማወቅ አስተርጓሚ የሚያሻው አይመስለኝም።

ለልጅዋ መቃብር ልታቆመው የተሳለችውን ሐውልት ለመፈጸም ወደ አሥራ ስምንት ዓመት ፈጀባት። መጀመሪያ የሟቹን ምስል ልትቀርጽ አስባ ነበር፤ በመጨረሻ ልጁን ተወችውና ሁለት ወላጆችን ብቻ በድንጋይ አወጣች። በ1932 ቤልጅግ ውስጥ በወታደሮች መቃብር የቆሙት እነዚህ ምስሎች የእርስዋንና የባልዋን መልክ የያዙ ናቸው፤ አባት እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ቀጥ ብሎ፣ እናት አጎንብሳ፣ ሁለቱም ተንበርክከዋል። ሐውልቱ ጀግናን አያወድስም፣ ጠላትንም አይረግምም፤ የሚያስበው ሰው ልጁን ለምን እንደሰጠ ነው። ኮልቪትስ በ1942 ፔተር የሚባለውን የልጅ ልጅዋንም በሩስያ ጦር ሜዳ አጣች፤ እርስዋም ጦርነቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በሚያዝያ 1945 አረፈች።

ወደ ጌርኒካ ስንመጣ ነገሩ ለእኛም ይቀርበናል። በሚያዝያ 26 ቀን 1937 የባስክ ከተማ የሆነችውን ጌርኒካን ካነደዱት አውሮፕላኖች ጋር፣ አብዛኞቹ የጀርመን ቢሆኑም፣ የፋሽስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች ነበሩበት፤ ይኸው ኀይል ከዚያ አስቀድሞ በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ ያፈሰሰው ነው። ከሁለት ወር በፊትም፣ በእኛ አቈጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በኢጣልያ እንደራሴው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በመወርወሩ ምክንያት አዲስ አበባ ላይ ለሦስት ቀን እልቂት ተፈጽሞ ነበር። ጌርኒካ ሠዓሊውን ፒካሶን አገኘች። ቁመቱ 3.49 ሜትር፣ ርዝመቱ 7.77 ሜትር የሆነው ሸራ በዚያው ዓመት በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ታየ፤ ቀለሙ እንደ ጋዜጣ ፎቶግራፍ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ነው፣ አውሮፕላንም ወራሪም አይታይበትም። የሞተ ልጅዋን ታቅፋ ወደ ሰማይ የምትጮኽ እናት፣ የቈሰለ ፈረስ፣ የተሰበረ ሰይፍ የያዘ የወደቀ ሰው ይታያሉ። ሊቃውንቱ በሥዕሉ ላይ ያለውን ኮርማ ሲተረጕሙ አንድም የጭካኔ ምሳሌ ነው ይላሉ፤ አንድም በመከራ መካከል ጸንቶ የቆመው የእስፓኝ ሕዝብ ነው ይላሉ። ሁለቱም ትርጓሜ ጐን ለጐን ቢኖር ሥዕሉን አይጎዳውም፤ ሠዓሊው ምስጢሩን ለአንድ ትርጕም ባለማሠሩ ሥዕሉ የጌርኒካ ብቻ ሳይሆን የየከተማው ሁሉ ሆኖአል። ለዚህም ማስረጃ፣ በየካቲት 2003 በኢራቅ ላይ ስለሚደረገው ጦርነት በተባበሩት መንግሥታት ሲከራከሩ፣ በጸጥታው ምክር ቤት ደጃፍ የተሰቀለው የዚህ ሥዕል ቅጂ በሰማያዊ መጋረጃ ተሸፍኖ ነበር።

አዲስ አበባ ግን ፒካሶ አልነበራትም። የየካቲቱን እልቂት የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ ፋሽስቶች ራሳቸው ለመታሰቢያ ያነሡአቸው ስለሆኑ፣ ተመልካቹ ሬሳውን የሚያየው በገዳዩ ዐይን ነው፤ ይህም እጅግ ከባድ የትርጓሜ ጥያቄ ያነሣል። ለዚህ ነው በ1955 በስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት ዋጋው ከፍ የሚለው። የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የመጡት ራስዋ በፋሽስት ኢጣልያ ከተወረረችው ከዩጎዝላቪያ ነው፤ በነሐስ የቀረጹት ጭፍጨፋና ኀዘን ነገሩን ከገዳዩ ካሜራ ነጥቆ ለሟቹ ወገን መልሶአል።

በጃፓን ማሩኪ ኢሪና ሚስቱ ቶሺ ከ1950 እስከ 1982 ድረስ የአቶሚክ ቦምብን መከራ በ15 ትልልቅ የተጣጣፊ ሰሌዳ ሥዕሎች ሣሉ። ሥራቸው ከሌላው የሚለይበትን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ባልና ሚስቱ የወገናቸውን ሞት ከሣሉ በኋላ በሂሮሺማ ታስረው ሳሉ የሞቱትን የአሜሪካ ምርኮኞች ሣሉ፣ ቀጥሎም በጃፓን ግዛት ሥር ተግዘው መጥተው በቦምቡ ያለቁትንና ሬሳቸው እንኳ ያልተነሣላቸውን የኮርያ ሰዎች ሣሉ። የተጐዳ ሕዝብ የራሱን በደልም ጨምሮ የሚናዘዝበት እንዲህ ያለ ሥዕል በዓለም ላይ ጥቂት ነው።

ትርጓሜውን በተመለከተ ሁለት ሴቶች ጸሐፍት የተከራከሩበት ነገር አለ። ቨርጂንያ ዉልፍ በ1938 ባወጣችው ድርሰት ከእስፓኝ የመጡ የሬሳ ፎቶግራፎችን ያየ ሰው ሁሉ ጦርነትን እኩል እንደሚጸየፍ አድርጋ ነበር የጻፈችው። ሱዛን ሶንታግ ግን በ2003 ይህን አፈረሰችው፤ በባልካን ጦርነት የተገደሉ ሕፃናትን የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ ሰርቦቹም ክሮአቶቹም ጽሑፉን ብቻ እየለወጡ ለየራሳቸው ቅስቀሳ እንደተጠቀሙበት አስታወሰች። ሶንታግ ትክክል ናት። የሟች ሕፃን ሥዕል በራሱ የሰላም ስብከት አይደለም፣ የበቀል አዋጅም ይሆናል፤ አቅጣጫውን የሚወስነው አብሮት የሚነገረው ቃልና ተመልካቹ አስቀድሞ በልቡ ያደረው ወገን ነው።

ኤዲ አዳምስ በየካቲት 1 ቀን 1968 በሳይጎን መንገድ ያነሣው፣ የደቡብ ቬትናም ጄኔራል እጁ የታሰረ ምርኮኛ በሽጉጥ ሲገድል የሚታይበት ፎቶግራፍ በአሜሪካ የጦርነቱን ተቃውሞ አፋፋመ፣ ለአንሺውም የፑሊትዘርን ሽልማት አስገኘለት። አዳምስ ግን ፎቶግራፉ የጄኔራሉን ሕይወት እንዳበላሸና ከነገሩ ግማሹን ብቻ እንደተናገረ እያሰበ ሲጸጸት ኖረ። ከአራት ዓመት በኋላ በሰኔ 8 ቀን 1972 በትራንግ ባንግ መንደር የደቡብ ቬትናም አውሮፕላን በስሕተት በገዛ ወገኑ ላይ ናፓልም ጣለ፤ ልብስዋ የተቃጠለባት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ኪም ፉክ እየጮኸች ስትሮጥ የተነሣችው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። እርስዋ ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገና ታክማ ዳነች፣ አድጋም ካናዳ ገባች፤ ራቁትዋን በጣር ላይ ሳለች መታየትዋን ለብዙ ዓመት እንደጠላችው፣ በኋላ ግን ፎቶግራፉን ለሰላም ልታገለግልበት እንደወሰነች በአደባባይ ተናግራለች። በስምዋ የቆመው ድርጅትም በጦርነት የቈሰሉ ሕፃናትን ይረዳል። በዚህ መስክ ስለ ሠዓሊው፣ ስለ ካሜራውና ስለ ተመልካቹ ብዙ ተጽፎአል፤ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰው ራሱ ስለ ሥዕሉ የሚለው ግን መሰማት የጀመረው እንደ እርስዋ ያሉት ከሞት ተርፈው መናገር ከቻሉ ወዲህ ነው።