ቤት ከመሥራታችሁ በፊት መሬቱን መርምሩ

የምድር መንቀጥቀጥ ሁሉንም ቦታ እኩል አይነቀንቅም። እርጎ የያዘ ሳህን ጠርዙን መታ ብታደርጉት፣ ሳህኑ ብዙም ሳይነቃነቅ እርጎው ይንቀጠቀጣል። ሳህኑ አለት፣ እርጎው ለስላሳ አፈር ነው። ሞገዱ ከአለት ወደ አፈር ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ውዝዋዜው ግን ይጨምራል።

በአገራችን በ1953 ዓ.ም. መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተነሣ መንቀጥቀጥ በሜክሲኮ ከተማ በጥንት ሐይቅ ጭቃ ላይ የቆሙ ፎቆችን ሲጥል፣ በአለት ላይ የነበሩት በአብዛኛው ተርፈዋል።

በእኛም ዘንድ የጉና ተራራ አለት፣ የፎገራ ሜዳ ግን ደለል ነው። ስለዚህ ደብረ ታቦርም ሆነ ወረታ ቤት ልትሠሩ ስታስቡ፣ በአቅራቢያው የውኃ ጉድጓድ የቆፈረውን ሰው «አለት ያገኘኸው ስንት ክንድ ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም በደብተራችሁ ጻፉት። ዋልካው ወይም ደለሉ ጥልቅ ከሆነ ውዝዋዜው ይብሳልና ግድግዳውን በማገር አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ጣራውንም አታክብዱ።