የተበከለ እህልና ወተት በብርሃን መመርመር
ስለ ራማን ዘዴ እና ስለ ናሙና አወሳሰድ

መግቢያ

የሻገተ በቆሎ ለምግብም ሆነ ለገበያ እንደማይሆን ማንኛውም ገበሬ ያውቃል። አስቸጋሪው በዓይን የማይታየው ብክለት ነው። አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ አስፐርጊለስ ፍላቩስ በሚባል ሻጋታና በመሰሎቹ አማካይነት በበቆሎ፣ በለውዝ፣ በበርበሬና በመሳሰሉት ምርቶች ላይ ይፈጠራል። ሻጋታው ደርቆ ወይም ተራግፎ ከጠፋ በኋላም መርዙ በፍሬው ውስጥ ይቀራል፤ በተለመደው የምግብ አበሳሰልም አይወገድም። ዋናው ጉዳቱ በጉበት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ የተበከለ በቆሎ ከበሉት ሰዎች መካከል 317 ታመው 125ቱ ሞተዋል።

ላም የተበከለ መኖ ስትበላ ደግሞ መርዙ በሰውነቷ ውስጥ መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከተሰበሰቡት 110 የወተት ናሙናዎች መካከል የአውሮፓ ኅብረት ከወሰነው መጠን ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ለብክለቱ በይበልጥ ምክንያት ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነው።

በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ስውር ብክለት በፍጥነት ለመለየት ስለሚጠናው አዲስ ዘዴ፣ እንዲሁም የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከወዲሁ ሊያደርጉት ስለሚገባው ዝግጅት እንገልጻለን።

የሚፈለገው መጠን ምን ያህል ጥቃቅን ነው?

የአውሮፓ ኅብረት በቀጥታ ለምግብ በሚውል እህል ውስጥ የሚፈቅደው ጠቅላላ የአፍላቶክሲን መጠን በ1 ኪሎግራም 4 ማይክሮግራም ነው። ይህም በ10,000 ኩንታል እህል ውስጥ 4 ግራም ማለት ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ለማግኘት እስካሁን የሚሠራበት የክሮማቶግራፊ ምርመራ አስተማማኝ ቢሆንም፣ ውድ መሣሪያ፣ የሠለጠነ ባለሙያና በቂ ጊዜ ይጠይቃል።

የራማን ዘዴ አሠራር

በአንድ ነገር ላይ ባለ አንድ ቀለም ብርሃን ቢበራበት፣ ተበትኖ የሚመለሰው ብርሃን ከሞላ ጎደል የመጀመሪያውን ቀለም እንደያዘ ነው። በጣም ጥቂቱ ብቻ፣ በግምት ከ10 ሚሊዮን አንዱ፣ ቀለሙን በመጠኑ ለውጦ ይመለሳል። ለውጡ የሚመጣው ብርሃኑ ያረፈበት ሞለኪውል ስለሚርገበገብ ነው። እያንዳንዱ ዓይነት ሞለኪውል የራሱ አረገባገብ ስላለው፣ የተለወጠው ብርሃን እንደ ጣት አሻራ ሆኖ የሞለኪውሉን ማንነት ይገልጻል። ይህን ክስተት እ.ኤ.አ. በ1928 ያስታወቁት ሕንዳዊው ሊቅ ራማን ሲሆኑ፣ በ1930 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ይሁን እንጂ ምልክቱ በጣም ደካማ በመሆኑ ለጥቃቅን ብክለት አይበቃም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝ አገር በሻከረ የብር ገጽ ላይ ያረፈ ንጥረ ነገር ከፍ ያለ ምልክት እንደሚሰጥ ታየ። በ1977 ደግሞ ምልክቱ ወደ ሚሊዮን እጥፍ ያህል እንደሚያድግ ተረጋገጠ። ዛሬ በሻከረ ብር ፋንታ ብዙ ጊዜ የወርቅ ወይም የብር ናኖ ቅንጣቶች ያገለግላሉ። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የሌዘር ብርሃን ሲያርፍባቸው በቅንጣቶቹ ገጽ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ባንድነት ይወዛወዛሉ፤ በዚህም የተነሣ በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ብርሃኑ እጅግ ይበረታል። እዚያ የተገኘ ሞለኪውል ድምፁ በማጉያ እንደተነገረ ሰው ጎልቶ ይሰማል።

በተግባር የዋለበት ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ2010 የቻይና ተመራማሪዎች በስስ የሲሊካ ሽፋን የተለበጡ የወርቅ ቅንጣቶችን በብርቱካን ልጣጭ ላይ በትነው ሌዘር በማብራት በልጣጩ ላይ የቀረውን የፀረ ተባይ መድኃኒት ለይተዋል።

በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን በሚመለከት፣ እንደ ሳልሞኔላ ያለውን ባክቴሪያ አራብቶ ለመለየት ቀናት ያስፈልጋሉ። በአዲሱ ዘዴ ግን በናኖ ቅንጣቶቹ ላይ የሚፈለገውን ባክቴሪያ ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ ይለጠፋል፤ ቅንጣቶቹ በባክቴሪያው ላይ ሲሰፍሩ ምልክት ይሰጣሉ። ሆኖም የሞተውን ባክቴሪያ ከሕያው መለየት ያስቸግራል።

የዘዴው ጉድለት

የእህል ዘይት፣ የወተት ፕሮቲንና የበርበሬ ቀለም በቅንጣቶቹ ላይ ቀድመው በመለጠፍ ወይም ራሳቸው በማብራት የመርዙን ምልክት ይሸፍናሉ። ስለዚህ እህሉ ተፈጭቶ መርዙ በፈሳሽ ተለይቶ መውጣትና መጣራት አለበት። ቅንጣቶቹም በየጊዜው አንድ ዓይነት ሆነው ካልተሠሩ ውጤቱ ይለያያል። በእጅ የሚያዙ የራማን መሣሪያዎች ቢኖሩም፣ በምግብ ውስጥ አፍላቶክሲንን በናኖ ቅንጣት የመለየቱ ሥራ በአብዛኛው ገና በምርምር ላይ ነው። አጠራጣሪ ውጤት ሲገኝ በክሮማቶግራፊ መረጋገጥ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። መሣሪያው የሚያነበው የቀረበለትን ጠብታ ብቻ ነው። አፍላቶክሲን በክምችቱ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት ፍሬዎች ብዙ መርዝ ሲይዙ የቀሩት ንጹሕ ሊሆኑ ይችላሉ። ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ አንድ እፍኝ ዘግኖ የሚላክ ናሙና የተበከለውን ክምችት ንጹሕ፣ ንጹሑን የተበከለ ሊያስብል ይችላል። በመጀመሪያው ስሕተት ቤተሰብ ይጎዳል፤ በሁለተኛው የማኅበሩ አባላት የዓመት ድካማቸውን ያጣሉ።

ከወዲሁ ሊደረግ የሚገባው

ሀ. ናሙና ከብዙ ጆንያዎች፣ ከመጋዘኑ ዳርና መካከል፣ ከክምሩ ላይና ታች ጥቂት ጥቂት እየተወሰደ ይቀላቀል። ጥሩ ጥሩው ፍሬ ተመርጦ አይወሰድ።

ለ. የተቀላቀለው ናሙና በሙሉ ከተፈጨና በደንብ ከተደባለቀ በኋላ ለምርመራ የሚሆነው ይከፈል።

ሐ. የእህል ናሙና በደረቅ የወረቀት ወይም የጨርቅ ከረጢት ይላክ፤ ላስቲክ እርጥበት አምቆ ሻጋታ ያራባል። የባለቤቱ ስም፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፍበት።

መ. ወተት ከዕቃው ከመቀዳቱ በፊት በሚገባ ይማሰል፤ ናሙናውም እንደቀዘቀዘ ይድረስ።

ሠ. በቆሎ እርጥበቱ ወደ 13 ከመቶ እስኪወርድ በሸራ ላይ ይድረቅ እንጂ በባዶ መሬት ላይ አይሰጣ። ጆንያዎች በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብለው ይደርደሩ።

ረ. የሻገተ እህልና ፋጉሎ ለሰው አይሆንም ተብሎ ለላም አይሰጥ፤ በወተት ተመልሶ ወደ ቤት ይመጣልና።

ማጠቃለያ

ምርመራ ብክለትን ያሳያል እንጂ አያጠፋም። አዲሱ መሣሪያ ወደ ገጠር ቢደርስ ጥቅም የሚሰጠው በትክክል ናሙና መውሰድን ለለመደና ምርቱን በደረቅ ቦታ ለሚያስቀምጥ ማኅበር ነው። የልማት ሠራተኞች ይህን ልምምድ መሣሪያውን ሳይጠብቁ፣ ከመጪው አዝመራ አንሥተው ከገበሬዎች ጋር እንዲጀምሩ እናሳስባለን።