«ድንገት ነው»፦ የአእምሮ ሕመምና ራስን ማጥፋት በደቡብ ወሎ ደጋ

በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ሰው ሲሞት ቅሬው (እድሩ) ይሰበሰባል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮው ይጣዳል። ለቅሶ የደረሰ ሁሉ «ምን አገኘው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ብዙ ጊዜ ቅርብ ነው፤ ወሊድ፣ የመኪና አደጋ፣ እርጅና። አንዳንዴ ግን አባት አንገቱን ይደፋና «ድንገት ነው» ይላል። ጠያቂው ይገባዋል፤ አይደግምም። የቀረው በሹክሹክታ ይዞራል እንጂ በአደባባይ አይነገርም።

ይህ ዝምታ የአካባቢው ወረዳዎች፣ የቦረና ወይም የሳይንት፣ ብቻ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ። ከእነዚህ 73 በመቶው የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 በሆኑ ወጣቶች ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። «ይህ የፈረንጅ ችግር ነው» የሚለው አባባል ከቁጥሩ ጋር አይሄድም።

ሕመሙና ሞቱ የሚገናኙበት

ለረጅም ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ የሚታወቀው በአብዛኛው ከአውሮፓና ከአሜሪካ የተገኘ ነበር። በዚያ በተደረጉ ጥናቶች ራሳቸውን ካጠፉ 10 ሰዎች 9 ያህሉ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው፤ ከሁሉም የበዛው ድባቴ ነው። ወደ ሌላው ዓለም ሲመጣ ሥዕሉ ይለወጣል። በቻይና 519 ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎችን ታሪክ ከቤተሰብ ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት የአእምሮ ሕመም የነበረባቸው 63 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ከሞቱ በፊት የደረሰ ድንገተኛ ጭንቅና ከባድ ጠብም ከአደጋ ምክንያቶቹ መካከል ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የ21 አገሮች ጥናት ደግሞ ከ108,000 በላይ ሰዎችን አነጋግሮ ነገሩን አጠራው። የአእምሮ ሕመም በድሃም በሀብታምም አገር አደጋውን ይጨምራል። ድባቴ የመሞት ሐሳብን ያመጣል። ከሐሳብ ወደ ሙከራ የሚገፋው ግን በአብዛኛው ሌላ ነው፦ ኃይለኛ ጭንቀት፣ ከመከራ በኋላ የሚቀር የመንፈስ ስብራት፣ መጠጥና ሱስ፣ ራስን መግታት አለመቻል። በታዳጊ አገሮች የሙከራ ዋና ጠቋሚዎች ሆነው የተገኙትም የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ናቸው።

ይህ ለደቡብ ወሎ ትርጉም አለው። ደጋው ጭንቅ የሚደራረብበት አገር ነው። መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል ጠቧል። በልግ ሲከዳ ጎተራው ይራቆታል። ብዙ ሴት ልጆች በብድር ገንዘብ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። በ2006 ዓ.ም ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ደቡብ ወሎ ልጆቹን ከተቀበሉት አካባቢዎች አንዱ ነበር። ከተመለሱት መካከል ገንዘቡንም ጤናውንም ያጣ ነበረበት። በ2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ወሎን አቋረጠ፤ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል ግጭት መንገዱንና ቀኑን አስጨናቂ አደረገው። ጥናቱ የሚያነሣው ጭንቀትና የመንፈስ ስብራት እዚህ የጎረቤት ወሬ ነው።

የቡታጅራ ምስክርነት

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ማስረጃ የላትም ማለት አይቻልም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በቡታጅራና አካባቢው ቤት ለቤት ዞረው ከ68,000 በላይ ሰዎችን ጠየቁ። ከዚያም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ተከታተሉ። ከእነዚህ 121ዱ ሞቱ። የሞታቸው መጠን ከሌላው ሕዝብ እጥፍ ነበር፤ ዕድሜያቸውም በ30 ዓመት ገደማ አጠረ። ግማሾቹን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው፤ ራስን ማጥፋት፣ አደጋና በሰው እጅ መገደልም ከተለመዱት ምክንያቶች ውስጥ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ታማሚው በአንድ መንገድ ብቻ አይሞትም። ሲርበው የሚያበላው፣ ሲያተኩሰው ሐኪም ጋ የሚወስደው፣ ሲከፋው የሚያዋራው ሲያጣ ይሞታል። ራስን ማጥፋት የዚህ የመጣል አንዱ መልክ ነው።

ከጤና ኬላ እስከ ደሴ

አንዲት እናት ጤና ጣቢያ ትመጣለች። «ልቤን ይበላኛል፤ ራሴን ይከፍለኛል፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» ትላለች። የራስ ምታት ክኒን ተሰጥቷት ትመለሳለች። በሚቀጥለው ወርም ትመጣለች። ድባቴ በገጠራችን የሚናገረው በዚህ ቋንቋ ነው፤ በልብ፣ በራስ፣ በሆድ። «ከፍቶኛል» ብላ የምትጀምር ጥቂት ናት፤ «መኖር ሰልችቶሻል ወይ?» ብሎ የሚጠይቃትም ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ሐሳቡን የሚያስገባ ይመስለዋል። ጥናቶች የሚያሳዩት ሌላ ነው፤ በርኅራኄ የተጠየቀ ሰው ሸክሙ ይቀልለታል እንጂ አይገፋም።

የአእምሮ ሐኪም ፍለጋ ከመካነ ሰላም ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመኪና፣ የማደሪያና የአስታማሚ ወጪ አለ፤ በእርሻ ወቅት ከሆነ በሬው ይቆማል። ስለዚህ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ፀበል፣ ወደ ዱዓ፣ ወደ ሽማግሌ ነው። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ቅርብ ያለውና የሚያጽናናው እሱ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው መድኃኒት «እምነት ማጉደል» ተደርጎ ሲቆጠርና ሲቋረጥ ነው። የድባቴ መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋል፤ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ የጣለው ሰው መድኃኒቱን አልሞከረውም። ፀበሉም ዱዓውም ከክኒን ጋር አይጣሉም።

ሌላው እንቅፋት ፍርድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ራሱን ላጠፋ ፍትሐት አይደረግም ይባላል፤ በእስልምናም ድርጊቱ ከባድ ኃጢአት ነው። ቤተሰብ ይህን ፈርቶ ከሞት በኋላ ምክንያቱን፣ ከሞት በፊት ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል። ሕጉ እንኳ እንዲህ አይጨክንም፤ የ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሳሳውን ወይም የረዳውን ነው። በተቃራኒው ድርጊቱ እንደ ጀግንነት የሚነገርበት ታሪክም አለ፤ ከዚሁ ደጋ ሳይርቅ ባለው መቅደላ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም ራሳቸውን ማጥፋታቸውን በልጅነቱ ያልሰማ የለም። የንጉሥ የጦርነት ታሪክ ግን ለተጨነቀ ወጣት ምሳሌ አይሆንም። ወጣቱ ጀግንነትም ውርደትም አያስፈልገውም፤ ሕክምና ያስፈልገዋል።

የሚሠራው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ሕክምናን ማቅረብ ነው። በጉራጌ አካባቢ በ329 ታማሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሙከራ፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሰጡት ክትትል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጡት እንደማያንስ አሳይቷል። ሁሉም ደሴ መድረስ የለበትም ማለት ነው፤ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ካለውና ባለሙያው ካልተቀየረ።

ሁለተኛው ከአደጋ ማራቅ ነው። የጭንቅ ሰዓት አጭር ናት፤ ያችን ሰዓት ያለፈ ብዙ ሰው ይኖራል። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑ የእርሻ ኬሚካሎችን በየተራ ስታግድ ራስን ማጥፋት በ70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት 93,000 ሰዎች እንደተረፉ ይገመታል። በእኛ ቤት ፀረ-ተባዩ ከዘሩ ጋር ጥግ ላይ ይቀመጣል። ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን መያዝ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛው ከቅሬው ይጀምራል። ቅሬ ለቀብር የሚደርሰውን ያህል ለሕመምም መድረስ ይችላል፦ የደሴ መጓጓዣ ማዋጣት፣ የታማሚውን እርሻ ማረስ፣ ከሰው የተለየውን ወጣት ቡና ጠርቶ ማዋራት። ቄሱና ሸሁ ከመድረክ አንድ ቃል ቢናገሩ፣ «ሐኪም ጋ ሂድ» ቢሉ፣ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የሸሸ፣ «ብሞት ይሻለኛል» ያለ ሰው ካለ ቃሉን አታቅልለው። ጠይቀው፤ ብቻውን አትተወው፤ ዛሬውኑ አቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ አብረኸው ሂድ። ራስህ ከሆንክም ለአንድ ሰው ንገር። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለዋል፤ ይህኛው በሽታ ደግሞ መድኃኒት አለው።