የሆቴል ምሽትና የወሎ ማዕድ

በደቡብ ወሎ፣ በተለይም በደሴና በኮምቦልቻ፣ ሠርግን፣ ምረቃንና የመሥሪያ ቤት ስብሰባን ምክንያት በማድረግ በሆቴል የሚደረግ የምሽት ግብዣ የታወቀ ልማድ ሆኗል። ወደዚህ ግብዣ ከሚጠሩት እንግዶች መካከል ከኩታበርና ደሴን ከሚያዋስኑ ሌሎች ወረዳዎች የሚመጡ አሉ። እንዲህ ያለው እንግዳ በሁለት የማዕድ ሥርዓት መካከል ይመላለሳል፤ አንደኛው በሰፈሩ በዳስ ውስጥ የሚያውቀው፣ ሁለተኛው በሆቴሉ አዳራሽ የሚጠብቀው ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች ሲነጻጸሩ ጐልቶ የሚታየው ልዩነት በምግቡና በመጠጡ ዓይነት ላይ ብቻ አይደለም፤ የእንግዳውን ነገር ዐውቆ የማሰናዳት ኀላፊነት በማን ላይ ይወድቃል በሚለው ነው።

«ኮክቴል» የሚለው ቃል በአማርኛ በሁለት ፍች ይነገራል። አንደኛው ከልዩ ልዩ መጠጦች ተቀላቅሎ የሚሰናዳው መጠጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው እንግዶች ብርጭቆ ይዘው ቆመው የሚጨዋወቱበት ግብዣ ነው። መጠጡን በሚመለከት፣ በኒው ዮርክ ግዛት በሐድሰን ከተማ ይታተም የነበረ አንድ ጋዜጣ በ1806 እ.ኤ.አ. ቃሉን ሲፈታ ከአልኮል፣ ከስኳር፣ ከውሃና ከመራራ ቅመም የሚሠራ ነው ብሎ ነበር። መጠጥን መቀላቀል ለኢትዮጵያ ከተሞችም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በቡና ቤቶች ወይን ከለስላሳ መጠጥ ወይም ከአምቦ ውሃ ጋር ይጠጣል። እንግዲህ ይበልጥ አዲስ የሆነው ቅልቅሉ ሳይሆን የግብዣው አደራረግ ነው።

ማዕድን በዋጋ ማቅረብ ራሱ በአገሪቱ ረጅም ዕድሜ የለውም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሆቴል የሆነው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ1900 ዓ.ም. በተከፈተ ጊዜ፣ መኳንንቱ በገንዘብ ገዝቶ መብላትን ስላልለመዱት ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ከባለሟሎቻቸው ጋር ገብተው በልተው ዋጋውን ከፈሉ ይባላል። ታሪኩ የሚያስረዳው፣ ማዕድ በአስተናጋጅና በእንግዳ መካከል የሚጸና ግዴታ እንጂ የሚሸጥ ዕቃ እንዳልነበረ ነው።

ይህ ግዴታ በወሎ የተለየ መልክ አለው። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት፣ ብዙ ጊዜም የሥጋ ዘመድ ሆነው በሚኖሩበት አገር አንዱ ሌላውን ሳይጠራ አይደግስም፤ ነገር ግን አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ የሚሆነውን ከብት ሙስሊም ጎረቤቱ ያርድለታል፤ ወጡም በሙስሊም ሴቶች እጅና በእነርሱ ዕቃ ይሠራል። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ ያደርጋል። በመጠጥም ቢሆን ጠላና ጠጅ ለሚጠጡት ሲቀርብ፣ ለማይጠጡት ከተቆላ ገብስ የሚሠራው ቀሪቦ ወይም ማር በውሃ የተበጠበጠበት ብርዝ ይሰናዳል። ማዕዱ የሚለየው ሰዎቹ እንዳይለያዩ ነው ማለት ይቻላል። እንግዳው ከመድረሱ አስቀድሞ ማን ምን እንደሚበላና እንደሚጠጣ ስለሚታወቅ ማንም ስለ ራሱ እንዲናገር አይገደድም።

የሆቴሉ ምሽት ይህን ሥርዓት በሦስት ነገር ይለውጠዋል። የመጀመሪያው አቀማመጥ ነው። በቤት ድግስ እንግዳ ሳይቀመጥ አይበላም፤ ቆሞ መብላትም እንደ ነውር ይቈጠራል። በኮክቴል ግብዣ ግን አንድ እጅ ብርጭቆ ስለሚይዝ መሶብ ዙሪያ መቀመጥና መጐራረስ ይቀራል። ሁለተኛው የአሳላፊው ሥራ ነው። በጥንቱ ልማድ አሳላፊው ከመጠጡ ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ቀምሶ ያቀርብ ነበር፤ በሆቴል የጠርሙሱ ክዳን በእንግዳው ፊት መከፈቱ ይህንኑ እምነት የመስጠት ተግባር ይፈጽማል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ምርጫው ነው። የባንኮኒው ሠራተኛ እንግዳውን ስለማያውቀው «ምን ልታዘዝ?» ብሎ ይጠይቃል። በዳሱ ውስጥ ጎረቤት አስቀድሞ የመለሰውን ጥያቄ በሆቴሉ እንግዳው በሰው ፊት ራሱ ይመልሳል።

ይህ ለሚጠጣው ነጻነት ነው፤ ለማይጠጣው ግን ሸክም ሊሆን ይችላል። በተለይ ግብዣው የሥራ ጉዳይ የሚነገርበት ሲሆን፣ ባዶ እጁን የቆመው ሰው ከጨዋታው ዳር ይቀራል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ክርስቲያንም ሥጋ በተደረደረበት ቡፌ ፊት ተመሳሳይ ችግር ያገኘዋል። በረመዳን ደግሞ የግብዣው ሰዓት ከኢፍጣር በፊት ከሆነ ሙስሊሙ እንግዳ ተጠርቶ እንዳልተጠራ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ሁለቱን ሥርዓቶች ማስታረቅ አይቻልም ማለት አይደለም፤ መሣሪያውም ሩቅ አይደለም። ከደሴ በስተሰሜን ያለው የሐይቅ ዓሣ ሙስሊምንና ክርስቲያንን የሚለየው የእርድ ጥያቄ የማይነሣበት ምግብ ነው። የጾም በያይነቱም ሥጋ ስለሌለበት ሁለቱንም ወገን በአንድ ትሪ ያገናኛል። በመጠጥ በኩል ማንጎ፣ ፓፓያና አቮካዶ በአንድ ረጅም ብርጭቆ ተደራርበው የሚቀርቡበት ስፕሪስ ከማንኛውም ኮክቴል የማያንስ ውበት አለው፤ የያዘውም ሰው ከሌላው ተለይቶ አይታይም።

ስለዚህ የሆቴል ምሽት የወሎን ማዕድ አጠፋ ብሎ መደምደም ችኮላ ይሆናል። ሆቴሉ አዳራሹን፣ ባንኮኒውንና ብርጭቆውን ያቀርባል፤ የእንግዳውን ሃይማኖትና ጾም ማወቅ ግን ከጋባዡ ሊጠበቅ የሚገባው ሥራ ነው። ጋባዡ እንደ ኩታበር ባለድግስ አስቀድሞ ጠይቆና አሰናድቶ ከተገኘ ግብዣው ቦታውን ለወጠ እንጂ ሥርዓቱን አልለወጠም። ይህን ለሆቴሉ ትቶ ከተቀመጠ ግን እንግዶቹን በአንድ አዳራሽ ሰበሰበ እንጂ በአንድ ማዕድ አላገናኘም።